ድረ ገጽ አልከፈት ሲል ምን መፈተሽ አለበት?

ጎንደር፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት መመልከት፣ የፓስፖርት ማመልከቻ መሙላት እና ሌሎች የመንግሥት አገልግሎቶችን መጠየቅ በድረ ገጽ የሚከናወኑ ተግባራት ኾነዋል። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ተነስቶ ደባርቅ ወይም ጎንደር ከተማ ኢንተርኔት ቤት ድረስ ለሚመጣ አርሶ አደር ገጹ አልከፈት ካለ የሚባክነው የመጓጓዣ ገንዘብ እና የሥራ ቀን ነው፤ የማመልከቻ ጊዜም ሊያልፍበት ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጥፋቱ ሁሉ ወደ ኔትወርክ ይላካል። ምክንያቱ ግን አንዳንድ ጊዜ በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠ ኩኪ የሚባል ትንሽ መረጃ ነው።

ኩኪ ምንድን ነው?

ኩኪ አንድ ድረ ገጽ በተጠቃሚው ማሰሻ ላይ፣ ለምሳሌ በክሮም ወይም በፋየርፎክስ፣ የሚያስቀምጠው አጭር ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ በ1994 ሉ ሞንቱሊ በተባለ የኔትስኬፕ ኩባንያ ባለሙያ ተሠራ። አገልግሎቱም በሆስፒታል ካርድ ክፍል ከሚሰጥ ቁጥር ጋር ይመሳሰላል። ቁጥሩን የያዘ ታካሚ በየክፍሉ ማንነቱን እንደ አዲስ አይጠየቅም። ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር አልገጥም ሲል ግን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲመላለስ ይውላል። ኩኪ ሲበላሽ ወይም ጊዜው ሲያልፍም የሚኾነው ይኸው ነው። ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን በትክክል አስገብቶ ወደ መግቢያው ገጽ ይመለሳል፤ ወይም "ቱ ሜኒ ሪዳይሬክትስ" የሚል መልዕክት ይመጣል። የአንድ ድረ ገጽ ኩኪዎች ከመጠን በላይ ሲከማቹ ደግሞ 400 ወይም 431 የሚል የስህተት ቁጥር ሊታይ ይችላል።

የመፍትሔው ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ሌላ ድረ ገጽ መክፈት ይገባል። ሌላውም ካልከፈተ ችግሩ የኔትወርክ ወይም ያለቀ የኢንተርኔት ጥቅል ሊኾን ይችላል። ሌላው ከከፈተ ያስቸገረውን ገጽ በማሰሻው ስውር መስኮት መሞከር ነው። ስውር መስኮት የቆዩ ኩኪዎችን ስለማይጠቀም ገጹ በዚያ ከተከፈተ ችግሩ ከተከማቸው መረጃ መኾኑን ያመላክታል።

ቀጥሎ በማሰሻው ቅንብር ውስጥ ገብቶ የዚያን ድረ ገጽ ኩኪ ብቻ መሰረዝ በቂ ነው። ሁሉንም መሰረዝ ከየገጹ ስለሚያስወጣ የይለፍ ቃልን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በቅንብሩ ላይ ኩኪዎች ሙሉ በሙሉ ታግደው ከኾነም እገዳውን ማንሳት ይገባል። መረጃ የሚቆጥበውን ኦፔራ ሚኒ የሚጠቀሙ ሰዎች ቅጽ ሲሞሉ ከፍተኛውን የቁጠባ ስልት ቢያጠፉ ወይም ሌላ ማሰሻ ቢጠቀሙ ይመረጣል።

የቀን አቆጣጠር ጉዳይ

በኢትዮጵያ አንድ የተለየ ምክንያት አለ። የስልክ እና የኮምፒዩተር ቀን የሚሞላው በጎርጎርዮሳዊያን አቆጣጠር ነው። በቅንብሩ ላይ የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት የሞላ ሰው ስልኩን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ያኔ ማሰሻው የድረ ገጹ የደኅንነት ምስክር ወረቀት ገና ሥራ ላይ ያልዋለ ስለሚመስለው ገጹን አይከፍትም። በኮምፒዩተር ውስጥ ሰዓት የምትጠብቀው ትንሽ ባትሪ ስትደክምም መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ቀደመ ዓመት ሊመለስ ይችላል። ይህን ኩኪ መሰረዝ አያስተካክለውም። መፍትሔው ቀን እና ሰዓት በራሱ እንዲስተካከል ማድረግ፣ የደከመችውን ባትሪም መቀየር ነው።

በጋራ ኮምፒዩተር ላይ ጥንቃቄ

ኩኪው እስካለ ድረስ ድረ ገጹ ተጠቃሚውን አሁንም እንዳለ ይቆጥረዋል። በኢንተርኔት ቤት አካውንቱን ሳይዘጋ የሄደ ሰው ኢሜይሉን እና ማመልከቻውን ለተከታዩ ተጠቃሚ ክፍት ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ በጋራ ኮምፒዩተር ላይ ከመነሻው ስውር መስኮት መጠቀም፣ ሲጨርሱም አካውንቱን ዘግቶ መስኮቶቹን ሁሉ መዝጋት ተገቢ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዜጎች መረጃ ከለላ ቢሰጥም የመጀመሪያው ጠባቂ ባለቤቱ ነው። "እኔ ላስተካክልልህ" ለሚል ለማያውቁት ሰው የይለፍ ቃልን ወይም በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥርን መስጠት አይገባም።

ችግሩ ከድረ ገጹ ሲኾን

500፣ 502 ወይም 503 የሚሉ ቁጥሮች ከታዩ ግን ችግሩ ከራሱ ከድረ ገጹ ወገን ነው። የፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ቀን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ ይህ ሊያጋጥም ይችላል። በዚህ ጊዜ ኩኪ መሰረዝ ወይም ሌላ ኢንተርኔት ቤት መፈለግ ጥቅም የለውም፤ የሚሻለው መጨናነቁ ሲቀንስ፣ ማታ ወይም ማለዳ፣ እንደገና መሞከር ነው።