ተጨማሪ መረጃ፦ የጨው ፍሬና የሻማ ሰም

ከአፋር ዝቅተኛ ስፍራ ተቆርጦ በግመል ከሚጓጓዘው አሞሌ ጨው አንዲት ደህና ፍሬ ለዩና በዘነዘና ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ምቱ። እንደ ሊጥ አትጨፈለቅም፤ ጠፍጣፋ ገጽ ይዛ ትሰነጠቃለች። ምክንያቱ አዮኒክ ቦንድ ነው። በጨው ውስጥ እያንዳንዱ የሶዲየም አዮን በ6 የክሎራይድ አዮኖች፣ እያንዳንዱ ክሎራይድም በ6 የሶዲየም አዮኖች ተከቧል። ምቱ አንዱን ረድፍ ትንሽ ሲያንሸራትተው ተመሳሳይ ቻርጅ ያላቸው አዮኖች ፊት ለፊት ይገጣጠማሉ፤ ይገፋፋሉ፤ ፍሬዋም ትከፈላለች። እያንዳንዱ አዮን በብዙ አዮኖች ስለተከበበ በጨው ውስጥ ለብቻው የቆመ ሞለኪውል የለም፤ ስለዚህ «የጨው ሞለኪውል» የሚል አማራጭ በፈተና ብታዩ እለፉት። የጨው ፎርሙላ የሚናገረው የአዮኖቹን 1 ለ 1 ጥምርታ ብቻ ነው።

ብዙ ጎበዝ ተማሪ ሳይቀር የሚሳሳተው ሻማ ላይ ነው። ሰሙ ሲቀልጥ በካርቦንና በሃይድሮጅን መካከል ያለው ኮቫለንት ቦንድ አይበጠስም! የሚላላው ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ የያዘው ደካማ ስበት ነው፤ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መቅለጡም ለዚሁ ነው። ጨው ለመቅለጥ ግን ራሱ አዮኒክ ቦንዱ መላላት ስላለበት 801 ዲግሪ ይፈልጋል። የሰሙ ኮቫለንት ቦንድ የሚበጠሰው ክሩ ተለኩሶ ሰሙ ሲነድ ነው።