ሎሚው ዓሣው ላይ ምን ይሠራል?

ጅቡቲ ከተማ፣ ሰው እስከ ዛሬ ምኒልክ አደባባይ በሚለው አካባቢ፣ የየመን ዓሣ ስታዙ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። በቁመቱ ተሰንጥቆ የተዘረጋ፣ ቅመም የተቀባ፣ ምድጃ ውስጥ ጠቆር እስኪል የተጠበሰ ዓሣ፤ ሰፊ ትኩስ ቂጣ፤ የሚያቃጥል ማባያ። ጠርዙ ላይ ሎሚ። ሳታስቡት ትጨምቁታላችሁ።

ለጣዕም ነው ትሉ ይሆናል። ነው፤ ግን ሎሚው ሌላም ሥራ ይዟል።

የባሕር ዓሣ ሥጋው ውስጥ ትራይሜቲላሚን ኦክሳይድ የሚባል ንጥረ ነገር ያጠራቅማል። ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲኖር ፕሮቲኑ እንዳይጎዳበት ይረዳዋል፤ ሽታም የለውም። ዓሣው ከሞተ በኋላ ግን ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ይነጥቁታል። የሚቀረው ትራይሜቲላሚን ነው፤ ያ አፍንጫ የሚያስይዘው የዓሣ ሽታ። ገና ከባሕር የወጣ ዓሣ እንዲህ የማይሸተው ለዚህ ነው። በአብዛኛው የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ውስጥ ደግሞ ይህ ንጥረ ነገር በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ የወደቡን ዓሣ ሽታ ባይለምደው አይፈረድበትም።

ትራይሜቲላሚን አሚን ከሚባሉት ወገን ነው። አሚኖች የአሞኒያ ዘመዶች ናቸው። አሞኒያ አንድ ናይትሮጅንና ሦስት ሃይድሮጅን ነው፤ ሃይድሮጅኖቹ ካርቦን ባላቸው ክፍሎች ሲተኩ አሚን ይሆናል። በኛው አሚን ሦስቱም ተተክተዋል። ናይትሮጅኑ ላይ ሃይድሮጅን ስላልቀረ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ አጥብቀው አይያያዙም፤ በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ፈልተው ይተናሉ። ፕሮፒላሚን በዓይነትም በቁጥርም እነዚያኑ አተሞች ይዞ፣ ሁለት ሃይድሮጅን ናይትሮጅኑ ላይ ስለቀሩለት ብቻ፣ 48 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይፈላም። ከ40 ዲግሪ በሚያልፈው የጅቡቲ ሐምሌ እንኳ አንዱ ጋዝ፣ ሌላው ፈሳሽ ነው። የአተሞቹ አሰካክ ብቻ ይህን ያህል ልዩነት ማምጣቱ እኔን ሁሌም ይገርመኛል።

አሁን ሎሚውን ጨመቅን እንበል። የአሚኑ ናይትሮጅን ከማንም ጋር ያልተጣመሩ ሁለት ኤሌክትሮኖች አሉት። በእነሱ ከሎሚው አሲድ የሃይድሮጅን አየን ይቀበላል፤ ቤዝ የሚያሰኘውም ይኸው ነው። አየኑን እንደያዘ ጨው ይሆናል፤ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል። ነፋስ በሚያንሳፍፈው ፌስታል ውስጥ ድንጋይ እንደመክተት ነው፦ ፌስታሉ አልጠፋም፣ መብረር ግን አይችልም። አቼቶም ያንኑ ይሠራል።

ቤታችሁ ሞክሩት። የባሕር ዓሣ ያጠባችሁበትን ውሃ በሁለት ብርጭቆ ክፈሉና ባንዱ ግማሽ ሎሚ ጨምቁበት። አማስሉና ሁለቱንም አሽትቱ። ከዚያ ሎሚ በገባበት ላይ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ፤ አረፋው እስኪያቆም፣ ከዚያም ትንሽ አስበልጡ። እንደገና አሽትቱ፤ ቀብረነዋል ያላችሁት ሽታ ይመለሳል። ሶዳው ቤዝ ስለሆነ አሲዱን ያረክሰዋል፤ ከአሚኑም አንዱ ክፍል ነጻ ይወጣል።

ዓሣ የከተፈ እጅ በሳሙና ሲታጠብ ሽታው አንዳንዴ የሚብስበት ምክንያትም አንድ ነው፤ ሳሙና ቤዝ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በሎሚ እሹት፣ በውሃ አለቅልቁት፣ ሳሙናው ከዚያ ይምጣ። መክተፊያውም እንደዚሁ። አደራ፣ በረኪና ላይ ግን ሎሚም አቼቶም አትጨምሩ፤ መርዛማው ክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሎሚ ሽታውን ያስራል እንጂ የተበላሸ ዓሣ አያድንም። ቱናና መሰሎቹ ሙቀት ላይ ሲቆዩ ባክቴሪያዎች ሂስታሚን የሚባል ሌላ አሚን ይሠሩባቸዋል። ይህኛው በማሽተት አይታወቅም፣ ብትጠብሱትም አይጠፋም፤ የበላውን ሰው ፊቱን ያቀላዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያሳክከዋል። ስለዚህ በረዶ ላይ የተቀመጠውን ዓሣ ግዙ፤ ቤት እንደደረሳችሁም ሌላ ነገር ሳትነኩ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት።