የሳጥን አውሮፕላን ሞጣ ላይ ቢነሣ

አውሮፕላን በሳጥን ይመጣል። ክንፉ፣ ጅራቱ፣ አካሉ ለየብቻ ተቆርጦ፣ ተበስቶ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ተለጥፎበት ይላካል፤ ገዢው ግቢው ውስጥ ይገጣጥመውና ይበርበታል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፦ አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ በ1973 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ቫንስ ኤርክራፍት ካቀረባቸው ዕቃዎች ሰዎች በየጋራዣቸው ገጣጥመው ያበረሯቸው አውሮፕላኖች ከ11 ሺህ በላይ ናቸው።

እኔ ደግሞ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ጎጃም ውስጥ ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ ወደሚያደርሰው መንገድ ይሄዳል። ብቸና በርና መስኮት የሚሠሩ ባለሙያዎች አሏት፤ ላሜራ የሚቆርጡ፣ ትራፓኖና ሞርሳ የለመደ እጅ ያላቸው። ሞጣ ደግሞ የአየር ማረፊያ ሜዳ ያላት ከተማ ናት። በዓለም አቀፉ የማረፊያዎች ዝርዝር ኦ-ቲ-ኤ የሚል ኮድ ተሰጥቷታል። እንግዲህ ሠሪው ብቸና፣ ሜዳው ሞጣ ከሆነ ምን ቀረን? ወዳጆቼ፣ ብዙ ነገር ቀርቶናል፤ የቀረው ግን ሰው የሚጠረጥረው አይደለም።

መጀመሪያ ሥራውን ልንገራችሁ። አርቪ-12 የሚባለውን የቫንስ ባለ ሁለት መቀመጫ እንውሰድ። አብዛኛው ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ ነው። ቀዳዳዎቹን የፋብሪካው ማሽን አስቀድሞ በስቷቸዋል፤ ሁለት ላሜራ ስታነባብሩ ቀዳዳ ከቀዳዳ ልክ ይገጥማል። የእናንተ ድርሻ የእያንዳንዱን ቀዳዳ ጠርዝ ማለስለስ፣ በጊዜያዊ መያዣ ማሰር፣ ከዚያ በሪቬት መምታት ነው። ማለስለሱ አሰልቺ ቢሆንም አይዘለልም። ሻካራ ጠርዝ ላይ በዓይን የማትታይ ስንጥቅ ትጀምራለች፤ ክንፉ በተርገበገበ ቁጥር እያደገች ትሄዳለች። ሪቬቶቹ በሺዎች ይቆጠራሉ። ሥራው በጠቅላላ ከ700 እስከ 900 ሰዓት ይፈጃል፤ ማታ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ብትሠሩ ዓመት አልፎ ይሄዳል ማለት ነው። ሞተሩና የበረራ መሣሪያው ሲደመሩ ዋጋው 100 ሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል። (ይህን ለሚስታችሁ ወይም ለባላችሁ መቼ እንደምትነግሩ እናንተው ዕወቁ።)

የአሜሪካ ሕግ አንድ ደስ የሚል ነገር አለው፦ አውሮፕላኑ ቤት ሠራሽ ተብሎ እንዲመዘገብ ከሥራው የሚበዛውን እጅ ሠሪው ራሱ ለመማርና ለመዝናናት ብሎ መሥራት አለበት። «የ51 በመቶ ሕግ» ይሉታል። ፋብሪካው ሁሉን ጨርሶ ብሎን ማጥበቅ ብቻ ቢተውላችሁ አይቆጠርላችሁም።

ታዲያ 51 በመቶውን እናንተ ከሠራችሁ፣ ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈላችሁት ለምንድን ነው? ለላሜራው ይመስላችኋል፤ ላሜራ ግን መርካቶም አለ። የተከፈለው አስቀድሞ ለታሰበው ሐሳብ ነው። የፋብሪካው ሰዎች ክንፉ ላይ አሸዋ በጆንያ ጭነው ስንት ኪሎ እንደሚችል ሞክረውታል። የክብደቱ መሐል የት ላይ መዋል እንዳለበት አስልተዋል። ክብደቱ ወደ ጅራት ካደላ አፍንጫው ይነሣል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ አብራሪውም የሚመልስበት ጉልበት ያጣል። የሳጥን አውሮፕላን ልኬታችሁ ተወስዶ የተቆረጠ ጨርቅ ነው፤ መስፋቱ ብቻ ለእናንተ ቀርቷል።

ያለ ሳጥን፣ ያለ ቁራጭ የጀመረ ሰው ግን አለን። አስመላሽ ዘፈሩ ይባላል። የተማረው የኅብረተሰብ ጤና ነው። አብራሪ ለመሆን አመልክቶ በቁመት አንድ ሴንቲ ሜትር ጎድሎት ተመለሰ። ስለዚህ መጽሐፍ እያነበበ፣ ዩቲዩብ እያየ፣ ወደ 160 ሺህ ብር አውጥቶ የራሱን አውሮፕላን ሠራ። ስሙን ኬ-570ኤ አለው፤ «ኬ» ለእናቱ ለኪሮስ፣ 570 ደግሞ ሥራው ለፈጀው ቀን። ሞተሩን ከአሮጌ ቮልስ አወጣው፤ 40 የፈረስ ጉልበት ያላት ናት። በዚህ የሚስቅ ካለ ታሪኩን አያውቅም። የቮልስ ሞተር በአየር ስለሚቀዘቅዝና ቀላል ስለሆነ አውሮፓ ውስጥ ቤት ሠራሽ አውሮፕላኖችን ለአሥርት ዓመታት ሲያበር የኖረ ነው። ሰኔ 8 ቀን 2007 ዓ.ም. ሰንዳፋ አካባቢ ሜዳ ላይ ሊነሣ ሲሞክር ውልብልቢቱ ተሰበረና ሙከራው በዚያው ቀረ።

የውልብልቢቱን ነገር ሁሉም አወራ። ስለ ሰንዳፋ ግን ሰው ብዙም አላወራም። ሰንዳፋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብቸናም ሞጣም እንዲሁ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው፣ ቀረብ በሉ።

ክንፍ የሚያነሣው አየርን ወደ ታች እየገፋ ነው። ውልብልቢትም አየርን ወደ ኋላ ይገፋል። ሞተሩም ቤንዚኑን የሚያነደው በአየር ነው። ሦስቱም ከአንድ ድስት ነው የሚበሉት! በ2,500 ሜትር ላይ፣ 20 ዲግሪ በሆነ ቀን፣ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ይጎድላል። ስለዚህ 40 የፈረስ ጉልበት የነበረችው ሞተር ወደ 28 ገደማ ትወርዳለች። ክንፉ ደግሞ ያንኑ ክብደት በሳሳ አየር ለማንሣት 17 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ይጠይቃል። ጉልበት ሲቀንስ የሚፈለገው ፍጥነት ይጨምራል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ባሕር ዳርቻ ላይ 200 ሜትር ሮጦ የሚነሣ አውሮፕላን ሞጣ ላይ ከ400 በላይ ሊፈልግ ይችላል።

አሳሳቹ ነገር የፍጥነት መለኪያው ነው። እሱም የሚለካው የአየሩን ግፊት ስለሆነ ከአየሩ ጋር አብሮ ይሳሳታል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚል ሲሆን ጎማው መሬት ላይ በ94 እየተንደረደረ ነው። አብራሪው ለመነሣት መርፌዋን ማመን አለበት፤ የሜዳው ጫፍ ሲመጣ ግን በዓይኑ ከሚያየው ፍጥነት ጋር ይጣላል።

ይህ ለአገራችን አዲስ ፈተና አይደለም። የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪና መሐንዲስ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት «ፀሐይ» በ1928 ዓ.ም. ከዚህ ደጋ አየር ላይ ተነሥታ በርራለች። ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው ይህች አውሮፕላን በወረራው ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወስዳ በሙዚየም ቆይታ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። 40 እና 115 የሚሉትን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው።

የዛሬዎቹ የሳጥን አውሮፕላኖች መፍትሔ ይዘዋል። አርቪ-12 የሚገጠምለት ሮታክስ ሞተር 100 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ሞጣ ላይ ወደ 70 ቢወርድ እንኳ ሁለት ሰው ይዞ ለመነሣት ይታገላል እንጂ አይሸነፍም። ቱርቦ ያለው ሮታክስ 914 ደግሞ የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉልበቱን በከፍታ ላይ ብዙ ሳያጣ ይሠራል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ለጎጃም የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከቀለምና ከወንበር ቀንሶ እዚህ ላይ ያውለው። ነዳጅም ይታሰብበት። በ2011 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ወጣቶች ስሊንግ የተባለ የሳጥን አውሮፕላን ራሳቸው ገጣጥመው ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ሲበሩ አዲስ አበባ ላይ የቸገራቸው ነዳጅ ማግኘት ነበር። ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሚገኘው ፈቃድማ ከሁሉም ይቀድማል፤ ሳጥኑን ከማዘዛችሁ በፊት በሩን አንኳኩ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ አውሮፕላኑ ከብቸና በአይሱዙ ተጭኖ ሞጣ ሜዳ ላይ ከቆመ የመጀመሪያውን በረራ ከሰዓት በኋላ አትሞክሩት። ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ነው፤ 8 ዲግሪ በሆነ ማለዳ ያለው አየር 24 ዲግሪ ከሆነው ቀትር በ6 በመቶ ገደማ ይበልጣል፣ ነፋሱም ገና አልተነሣም። አብራሪው ብቻውን ይግባ፣ ነዳጁ በልክ ይሁን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሞተሩ ሞቆ ይጠብቀው። ከሜዳው አጋማሽ ላይ ደግሞ በኖራ መስመር ይሠመርበት፤ እዚያ ሲደርስ መርፌዋ ከሚፈለገው ፍጥነት ሰባ በመቶውን ካላሳየች ጋዙን ይልቀቅና ፍሬን ይያዝ።