በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ ያለው ክሊኒክ

በሲያትል ከተማ ደቡባዊ ጫፍ በሚገኘው የሬይነር ቢች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የአስም መድኃኒቱ ያለቀበት ተማሪ ሐኪም ፍለጋ አውቶቡስ መሳፈር አያስፈልገውም። ከመምህሩ ፈቃድ ይዞ ወደ ክሊኒኩ ይሄዳል፤ ክሊኒኩ ያለው እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ባለሙያዋ ደረቱን ታዳምጣለች፣ መድኃኒቱን ታዝለታለች፣ እግረ መንገዷንም እንቅልፉ እንዴት እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ልጁ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይደርሳል። ከኪሱ የሚከፍለው የለም፤ እናቱም በሰዓት ከሚከፈላት ሥራ አልቀረችም።

አካባቢው ከቬትናሞችና ከሶማሌዎች ጋር ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሰፈሩበት ነው። በየዓመቱ መጀመሪያ ልጆች ይዘውት ከሚመጡት የወረቀት ክምር መካከል የዚህ ክሊኒክ የፈቃድ ቅጽም ይኖራል። ምንነቱ ሳይታወቅ የሚፈረም፣ ወይም ሳይፈረም ቦርሳ ውስጥ የሚቀር ቅጽ ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ማስተዋወቅ ተገቢ መሰለኝ።

ብዙ ወላጆች ክሊኒኩን ከትምህርት ቤቱ ነርስ ክፍል ጋር አንድ ያደርጉታል። ነርሷ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ናት፤ የክትባት መዝገብ ታያለች፣ ትኩሳት ትለካለች፣ ወድቆ የተላላጠ ጉልበት ታጥባለች። ሕመሙን መርምሮ መድኃኒት ማዘዝ ግን ሥራዋ አይደለም። ክሊኒኩን የሚያስተዳድረው ሆስፒታል፣ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ ወይም የከተማው የጤና ቢሮ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መርምራ መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን ያላት ነርስ ፕራክቲሽነርና የአእምሮ ጤና አማካሪ ይኖሩበታል፤ በአንዳንዱ የጥርስ ሐኪምም አለ። ክትባት ይሰጣል፣ ስፖርተኞች ከውድድር በፊት ይመረመራሉ፣ የቆዳ ሽፍታ፣ የራስ ምታት፣ የወር አበባ ሕመም ይታያል። በጭንቀትና በድባቴ የተያዘ ልጅም በየሳምንቱ የሚያነጋግረው ሰው ያገኛል።

ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። በ1902 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኒው ዮርክ ከተማ ሐኪሞች ትምህርት ቤት እየዞሩ ትራኮማ፣ ጭርት፣ እከክና ቅማል ያለባቸውን ልጆች ወደ ቤት ይመልሱ ነበር። መመለስ ብቻ! የሚያክማቸው አልነበረም። ለወላጅ የሚላከውን ወረቀት አብዛኛው ስደተኛ ቤተሰብ ማንበብ አይችልም፤ ቢያነበውም ለሐኪም የሚከፍለው የለውም። በድሆች ሰፈር የነርሶች አገልግሎት የመሠረተችው ሊሊያን ዋልድ፣ ሊና ሮጀርስ የምትባል ነርስ በአራት ትምህርት ቤቶች ለአንድ ወር እንድትሠራ ለከተማው አቀረበች። ሮጀርስ ቀላሉን ሕመም እዚያው አከመች፣ ከበድ ያለውን ደግሞ ቤት ድረስ ሄዳ ለእናቶች አሳየች። ውጤቱ ስለታየ ከተማዋ ተጨማሪ ነርሶች ቀጠረች፤ በዓመቱ ከትምህርት የሚመለሱት ልጆች ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ።

ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ክሊኒክ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የገባው ግን በ1970 በዳላስ፣ በ1973 ደግሞ በሚኒሶታ ግዛት በሴንት ፖል ከተማ ነው። ከሁለቱ የሴንት ፖሉ ታሪክ ጠለቅ ብሎ መታየት ይገባዋል። ሜካኒክ አርትስ በተባለው ትምህርት ቤት የተከፈተው ክሊኒክ የተነሣበት ጉዳይ አንድ ነበር፤ የታዳጊ ልጃገረዶች እርግዝና። የሚሰጠውም የነፍሰ ጡር ክትትል፣ የአባላዘር በሽታ ምርመራና የእርግዝና መከላከያ ምክር ነው። ባለሙያዎቹ ተዘጋጅተው ቢጠብቁም ተማሪ አልመጣም። ለምን ይመጣል? ያንን በር የገፋች ልጅ ምን ልትጠይቅ እንደገባች ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቃል። በአሥራ ስድስት ዓመት ዕድሜ ከሕመም ይልቅ የሚያስፈራው የእኩዮች ዓይን ነው።

ከዚያ የስፖርት ምርመራ፣ ክትባት፣ የክብደት ምክርና ሌላም አጠቃላይ ሕክምና ተጨመረ። ተማሪውም መጣ። አሁን ኳስ ተጫዋቹም፣ ክትባት የጎደለውም፣ ምስጢር የያዘችውም በአንድ በር ይገባሉ፤ ማን ለምን እንደገባ አይታወቅም። የትምህርት ቤት ክሊኒክ ጥበቡ ሁሉ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ለአንድ ችግር ብቻ የተከፈተ በር ችግሩ ያለበትን ሰው ያሸሻል፤ ለሁሉም የተከፈተ ግን ይሸሽገዋል።

ሁሉም በደስታ አልተቀበለውም። በ1985 በቺካጎ ዱሴብል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክሊኒክ ሲከፈት ተቃውሞው ፍርድ ቤት ደረሰ፤ የወላጆችና የሃይማኖት ሰዎች ጥያቄ «ልጆቻችንን ያለ እኛ ምን ልታስተምሯቸው ነው?» የሚል ነበር። በሌላ ወገን ደጋፊዎችም አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ተናግረዋል። በሴንት ፖል የታዳጊዎች ወሊድ በጉልህ ቀነሰ ተብሎ ለዓመታት ተነግሮ ነበር፤ በ1993 የወጣ ጥናት አኃዙን እንደገና ሲመረምር መቀነሱን አላረጋገጠም። ክሊኒክ ብቻውን የታዳጊን ሕይወት ይለውጣል ማለት ከልክ ያለፈ ተስፋ ነው።

የወላጆች ሥጋት ግን በቺካጎ አላበቃም፤ በእኛም ቤት አለ፣ ሊናቅም አይገባም። ስለዚህ በዋሽንግተን ግዛት ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ ይጠቅማል። ለአጠቃላይ ሕክምና ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ የወላጅ ፊርማ ያስፈልገዋል። ከ13 ዓመት ጀምሮ ግን ተመላላሽ የአእምሮ ጤና ሕክምና፣ ከ14 ዓመት ጀምሮ ደግሞ የአባላዘር በሽታ ምርመራና ሕክምና በራሱ ፈቃድ ማግኘት ይችላል፤ ለእርግዝና መከላከያ የዕድሜ ገደብ አልተቀመጠም። ይህ መብት ከክሊኒኩ የመጣ አይደለም፤ በከተማው በየትኛውም ሐኪም ቤት የሚሠራ ሕግ ነው። ቅጹን አለመፈረም መብቱን አያስቀርም። የሚያስቀረው የአስሙን፣ የክትባቱንና የጉሮሮ ሕመሙን ሕክምና ነው። የሌሎች ግዛቶች ሕግ ስለሚለያይ በያሉበት መጠየቅ ይገባል።

የክሊኒኩ የሕክምና መዝገብ የጤና ድርጅቱ ነው፤ መምህርም ሆነ ርእሰ መምህር ገልጦ አያነበውም። ሕግ ምስጢር እንዲወጣ የሚያስገድደው ልጁ በራሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ነው ተብሎ ሲሠጋ፣ ወይም ጥቃት እየተፈጸመበት መሆኑ ሲጠረጠር ነው። ከዚህ ውጪ ጥሩ ባለሙያ ልጁን ከቤተሰቡ ለማራቅ አይሠራም። እንዲያውም «ለእናትህ እንዴት እንንገራት?» ብሎ አብሮ መንገድ መፈለግ የሥራው ዋና ክፍል ነው።

ቋንቋንም በተመለከተ ወላጆች የማይጠይቁት መብት አለ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው። እንግሊዝኛ የማይቀናው አባት ስለ ልጁ መድኃኒት ሊያስረዱት ሲደውሉለት «አማርኛ አስተርጓሚ» ማለት ይችላል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስለ ራሱ ድባቴ ለአባቱ እንዲያስተረጉም ማድረግ በልጁም በአባቱም ላይ ግፍ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ሜዲኬይድ የሚባለው ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስና የግል ኢንሹራንስ የሕክምናውን ከፊል ይከፍላሉ፤ ኢንሹራንስ የሌለውም አይመለስም። ግን ኢንሹራንስ የሚከፍለው ለተመዘገበ ሕክምና ነው። ደጃፍ ላይ ቆማ የምታመነታን ልጅ ለማግባባት የጠፋውን ግማሽ ሰዓት የሚከፍል የለም። ሲያትል ጉድለቱን የምትሸፍነው በንብረት ግብር ነው። በ1990 ነዋሪው ለቤተሰብና ለትምህርት የሚውል ልዩ ግብር በድምፁ አጸደቀ፤ ከዚያ ወዲህም ጊዜው ባለቀ ቁጥር አድሶታል፣ ለምሳሌ በ2018። ቤት ያላቸው ሰዎች ለማያውቋቸው ልጆች ሕክምና በራሳቸው ላይ ግብር መጫናቸው ሊመሰገን የሚገባው ነገር ነው።

በከተማዋ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2010 የታተመ ጥናት፣ ለሕክምና ክሊኒክ የሄዱት የትምህርት ክትትላቸው፣ ለአእምሮ ጤና የሄዱት ደግሞ ውጤታቸው ከማይጠቀሙት ይልቅ መሻሻሉን አሳይቷል። በመላው አሜሪካም ቁጥሩ አድጓል፤ በ2016–17 የትምህርት ዘመን 2,584 ክሊኒኮች ነበሩ፣ አገልግሎታቸውም ከ6 ሚሊዮን በላይ ለሆኑ ተማሪዎች ይደርስ ነበር፤ የአንደኛ ደረጃውን ጨምሮ።

በአገር ቤትም ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር፣ ክትባቱ በዋናነት የተሰጠው በትምህርት ቤት ነው። ልጃገረዶቹ ተሰብስበው የሚገኙት እዚያ ነውና። ከትምህርት ገበታ የራቁትን ለማግኘት ግን ሌላ ጥረት ይጠይቃል።

የአሜሪካውም ክሊኒክ ይኸው ጉድለት አለበት። ትምህርት ሲዘጋ ብዙዎቹ በራቸውን ይዘጋሉ ወይም ሰዓታቸውን ይቀንሳሉ፤ የጭንቀት ሕክምና የጀመረ ልጅ ግን በሰኔ አይድንም። ተመራቂው ደግሞ አራት ዓመት የለመደውን ሐኪም ባንድ ቀን ያጣል። ስለዚህ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያላችሁ ወላጆች ከምርቃቱ በፊት ክሊኒኩን ሁለት ነገር ጠይቁ፤ መዝገቡ ወደ የትኛው ሐኪም እንደሚተላለፍና የመድኃኒት ማዘዣው እስከ መቼ እንደሚያገለግል። የመጀመሪያውን ቀጠሮ ልጁ ራሱ ደውሎ ይያዝ፤ እናንተ አጠገቡ ሁኑ።