የማይሾረው እንዝርት፦ የኤሌክትሮን ስፒን

ኤሌክትሮን መጠነ ቁስ አለው፤ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለው። ሦስተኛው መታወቂያው ስፒን ነው። ስሙ መሾርን ስለሚያመለክት ብዙዎች ኤሌክትሮንን እንደ እንዝርት በዛቢያዋ ላይ የምትዞር ደቃቅ ኳስ አድርገው ይስሉታል። ሥዕሉ ለመነሻ ቢረዳም ያሳስታል። ኤሌክትሮን የሚሾር ገላ እንዳለው የሚያሳይ አንዳች ነገር የለም፤ ስፒኑ ግን እውነተኛ ነው።

በ1922 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ኦቶ ሽተርንና ዋልተር ጌርላኽ ፍራንክፈርት ውስጥ ብርን በምድጃ አተነኑ፤ የአቶሞቹንም ጅረት ጉልበቱ ከቦታ ቦታ በሚለያይ ማግኔት መካከል አሳልፈው መስተዋት ላይ አሳረፉት። አቶሞቹ በየአቅጣጫው ያዘመሙ ጥቃቅን ማግኔቶች ቢሆኑ ኖሮ፣ ብሩ ሳይቋረጥ የተዘረጋ አንድ ቅብ በተወ ነበር። ጌርላኽ ለፊዚክስ ሊቁ ኒልስ ቦር በላከው ፖስት ካርድ ላይ ያለው ፎቶ የሚያሳየው ሌላ ነው፤ ማግኔቱ በሌለበት አንድ ቀጭን መስመር፣ ባለበት ደግሞ መካከሉ እንደ ከንፈር የተከፈተ ሁለት መስመር። ትርጉሙ የተገለጠው ቆይቶ ነው። ከብር 47 ኤሌክትሮኖች የ46ቱ ማግኔትነት እርስ በርስ ይጣፋል፤ የቀረው የአንዱ ማግኔትነት የሚመነጨው ከስፒኑ ነው፤ ስፒኑም ሲለካ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነው፤ መካከለኛ የለውም። ተራ ኳስ እንዲህ አይሆንም።

በ1925 ስፒንን ያቀረቡት ወጣቶቹ ሆላንዳውያን ኡለንቤክና ጋውድስሚት ኤሌክትሮን በእርግጥ ይሾራል ብለው ነበር። አንጋፋው የፊዚክስ ሊቅ ሎሬንትስ ሒሳቡን ሠርቶ ተቃወመ፤ እንደዚያ ቢሾር ገጹ ከብርሃን እጅግ ይፈጥናልና። ተቃውሞው ልክ ነበር፤ የጣለው ግን ሥዕሉን እንጂ ስፒንን አይደለም። «እንግዲያው ስፒን ባዶ ስም ነው» ለሚል፣ አይንስታይንና ደ ሃስ በ1915 ያሳዩት ሙከራ መልስ አለው። በቀጭን ክር የተንጠለጠለ የብረት ዘንግ በተጠመጠመ ሽቦ መካከል ሆኖ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ማግኔት ይሆናል፤ ያኔም ማንም ሳይነካው ዞር ይላል። የኤሌክትሮኖቹ ስፒን አቅጣጫ ሲለወጥ፣ የዙረቱ ጠቅላላ ድምር እንዳይዛባ ዘንጉ ራሱ በተቃራኒው ይዞራል። ባዶ ስም ብረት አያዞርም።

«ታዲያ ምኑ ነው የሚሾረው?» ብለን የምንጠይቀው ከዕቃ ልማዳችን ተነስተን ነው። ዕቃ ከክፍሎች ይሠራል፤ ዙረቱም የክፍሎቹ ዙረት ነው። በኤሌክትሮን ውስጥ ግን እስካሁን ክፍል አልተገኘም። በ1928 ፖል ዲራክ ኳንተምን ከአንጻራዊነት ጋር ሲያስማማ፣ ስፒን ማንም ሳያስገባው ከእኩልታው ወጣ። እንዝርት ይፈጥናል፣ ይደክማል፣ ይቆማል። የኤሌክትሮን ስፒን አቅጣጫው ቢገለበጥ እንጂ መጠኑ አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ በሁሉም ኤሌክትሮን ዘንድም አንድ ነው። ስፒን ኤሌክትሮን የሚሠራው ሥራ ሳይሆን ራሱ የሆነው ነገር ነው።