ከጤና ኬላ እስከ አሰላ ሆስፒታል፦ የአርሲ ሕመምተኛ ቋንቋው የት ላይ ይጠፋበታል?

ከሽርካ ወይም ከሌሙና ቢልቢሎ ገጠር ምጥ የጠናባት አንዲት እናት እናስብ። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሰፈር ልጅ ናት። ቤቷንም አማቶቿንም ታውቃለች፤ በአፋን ኦሮሞ አውርታ ታግባባታለች። ጤና ጣቢያ ስትደርስም አዋላጇ ብዙውን ጊዜ የአካባቢውን ቋንቋ የምትናገር ናት። ነገሩ ከብዶ በአምቡላንስ አሰላ ስትገባ ግን ሁኔታው ይለወጣል። አስታማሚዋ የያዘው ሪፈር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። አልጋዋን ከበው የሚቆሙት ኢንተርኖችና ተማሪዎች ከአገሪቱ አራት ማዕዘን የመጡ ናቸው። ተረኛው ሐኪም አፋን ኦሮሞ የማይችል ከሆነ መሀል ገብቶ የሚያስተረጉመው ባሏ፣ አማቷ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ወይም የጎን አልጋ አስታማሚ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ነገር እዚህ ላይ ነው። የአገራችን የጤና አገልግሎት ሕመምተኛን በቋንቋውና በባህሉ ማስተናገድን ቀበሌ ላይ ተምሯል፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ግን የተማረውን ይተወዋል። አንዲት ቃል ሕይወት የምታድነው ወይም የምታሳጣው ደግሞ ላይኛው ደረጃ ላይ ነው።

ጥያቄው ከየት መጣ?

አርሲ ለጥያቄው ጥሩ ማሳያ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ዞኑ 2.6 ሚሊዮን ሕዝብ ነበረው። ከ100 ሰው 84ቱ ኦሮሞ፣ 14ቱ አማራ ነበሩ። በሃይማኖት 58ቱ ሙስሊም፣ 40ው ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበሩ። በመጀመሪያ ቋንቋነት 81ዱ አፋን ኦሮሞ፣ 18ቱ አማርኛ ይናገሩ ነበር። አሰላ ከተማ ላይ ደግሞ ጉራጌው ነጋዴ፣ ከሸዋ የመጣው ሠራተኛና ከጭላሎ ተራራ ሥር ስንዴና ገብስ ጭኖ የሚመጣው ገበሬ አንድ ገበያ ይውላሉ፤ ሲታመሙም አንድ ካርድ ክፍል ፊት ይሰለፋሉ።

ይህ ስብጥር የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1886 በተደረገው ዘመቻ አርሲ በምኒልክ ግዛት ሥር ከወደቀ በኋላ የቢሮው፣ የፍርድ ቤቱና የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ለመቶ ዓመት ያህል አማርኛ ሆኖ ቆየ። አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚያውቅ ገበሬ መንግሥት ቤት የሚገባው አስተርጓሚ ይዞ ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ አፋን ኦሮሞ የክልሉ የሥራና የትምህርት ቋንቋ ሲሆን የወረዳው ጽሕፈት ቤት አፉን ቀየረ። የሕክምና ትምህርት ግን በእንግሊዝኛ ቀጠለ። ተማሪዎቹም በአገር አቀፍ ምደባ ይበተናሉ። ጀማሪ ሐኪሞች ለረጅም ዓመታት የሥራ ቦታቸውን የሚያውቁት በጤና ሚኒስቴር ዕጣ ነበር። ጎጃም ተወልዶ፣ መቀሌ ተምሮ፣ አርሲ የደረሰው ሐኪም ምደባውን ያገኘው በዕጣ እንጂ በቋንቋው አይደለም። ምደባው ሐኪም ያልነበረበት ቦታ ሐኪም አድርሷል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሐኪሙና ሕመምተኛው በምን እንደሚግባቡ ግን ማንም ኃላፊነቱን አልወሰደም።

ቀበሌው ያወቀበት ዘዴ

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ፣ ከሁሉም የተሳካ መልስ ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር። 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ከአካባቢው ተመርጠው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ጤና ኬላ ላይ ይመደቡ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ሥራ ላይ ዋሉ። መጸዳጃ ቤት ማስቆፈር፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የነፍሰ ጡር ክትትልና የወባ መከላከል ሁሉ በእነርሱ እጅ ነው።

ከሥልጠናው እኩል የሠራው ግን ምርጫው ነው። ሠራተኛዋ ሴት በመሆኗ የሙስሊሟም የክርስቲያኗም ጓዳ ያስገባታል። የቀበሌው ልጅ በመሆኗ ማን ከማን እንደሚኳረፍ፣ በየትኛው ቤት የአማት ቃል እንደሚበልጥ ታውቃለች። ነፍሰ ጡሯ ለእንግዳ የማትናገረውን ለእሷ ትናገራለች። ይህን ያስገኘው ለየት ያለ የባህል ትምህርት ሳይሆን ሰው ሲቀጠር ቋንቋና ዝምድና እንደ ሙያ ብቃት መቆጠራቸው ነው።

ወሊድ ያስተማረን

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ከወሊድ ክፍል ነው። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ጤና ተቋም ውስጥ የሚወለደው ሕፃን ከ100 አምስት ብቻ ነበር። በ2011 አሥር ደረሰ፤ በ2016 ደግሞ 26። ኦሮሚያ በዚያው ዓመት 19 ላይ ነበረች። በ2011 ቤታቸው የወለዱ እናቶች ለምን ተቋም እንዳልሄዱ ሲጠየቁ 61 በመቶዎቹ አስፈላጊ አይደለም፣ 30 በመቶዎቹ ልማዳችን አይደለም አሉ። መንገድና ገንዘብ ብቻ ቢሆን ችግሩ፣ መልሳቸው ሌላ በሆነ ነበር።

ልማዱን ቀርበን እንየው። አርሲ ኦሮሞ ዘንድ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ የተባለውን በትር ታስይዛታለች። በትሩ የክብሯና የመብቷ ምልክት ነው። የወለደች ሴት ግንባሯ ላይ ቀነፋ የተባለ ምልክት ታስራለች። ቀነፋ ላይ ያለች ሴት ትታረሳለች፣ ትመገባለች፣ ትጠበቃለች፤ እሷን መምታት ይቅርና መስደብ ከባድ ነውር ነው። ባሏ ቢደፍራት የሰፈሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው፣ የአቴቴ ዜማ እያዜሙ ደጁ ላይ ይሰበሰባሉ። አጥፊው በሽማግሌ ፊት አምኖ ካሳ ሳይከፍል አይበተኑም። ምጥ ሲመጣም ሴቶች ተሰብስበው ማራምን ይለማመናሉ፤ ጎረቤቷ ክርስቲያን ማርያም ማርያም እንደምትለው ማለት ነው።

ከዚህ ክብር የወጣች እናት ጤና ጣቢያ ገብታ ዘመድ ውጭ ይቅር ስትባል፣ ብርድ ክፍል ውስጥ በጀርባዋ ተኝታ ገላዋ ለማታውቀው ወንድ ሲገለጥ፣ ምጧ አላስችል ሲላት ተግሣጽ ሲከተላት ልማዳችን አይደለም ማለቷ አያስደንቅም። ቤቷ ውስጥ ያላት መብት ተቋሙ በር ላይ ቀርቶባታል።

ሥርዓቱ ይህን ሰምቶ መለወጡ ሊመሰገን ይገባል። በየጤና ጣቢያው ለአራስ ገንፎ ማገንፋት፣ ቡና ማፍላት፣ ዘመድ አብሮ እንዲገባ መፍቀድ ተጀመረ። ቤታቸው ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ ተስፋፋ። ይህ አሠራር በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 በጉራጌ፣ አጣጥ ሆስፒታል ነው። ከ2008 ዓ.ም. የጀመረው የአምስት ዓመት የጤና ዕቅድ ሩህሩህ፣ ተንከባካቢና አክባሪ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2019 ተቋም ውስጥ የሚወለደው ሕፃን ከ100 ወደ 48 ወጣ። አምቡላንሱ፣ ነፃው የወሊድ አገልግሎትና መንገዱ ትልቁን ድርሻ ቢይዙም ገንፎውና ቡናውም ለእናቶቹ በሩ የእነርሱ መሆኑን ነግረዋቸዋል።

ሆስፒታል ሲደረስ

አሁን በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ከዞኑም ከአጎራባች አካባቢዎችም የከበደ ሕመም የሚላክበት ነው። እንደ ብዙዎቹ የማስተማሪያ ሆስፒታሎቻችን፣ ሐኪሙና ሕመምተኛው በአንድ ቋንቋ መገናኘታቸው በዕለቱ ተረኛ ማንነት ላይ የተመሠረተ ነው። በትርጉም መሀል ምን እንደሚጠፋ በቅርብ እንመልከት።

ሐኪሙ ደሙ መቼ ጀመረ፣ ምን ያህል ነው፣ ከዚህ በፊት ፅንስ ወርዶብሽ ያውቃል ብሎ ይጠይቃል። የሚያስተረጉመው የባሏ አባት ነው። በኦሮሞ ወግ ምራት የአማቷን ስም እንኳ አትጠራም፤ ሳፉ አለ፤ ያሳፍራል፣ ያስነውራል። አማትየውም ጥያቄውን ሙሉውን አይጠይቃትም፤ ለስለስ አድርጎ ደህና ነሽ ወይ ይላታል። እሷም አንገቷን ትነቀንቃለች። ካርዱ ላይ የሚሰፍረው ግን ከዚህ በፊት ምንም ችግር የለም የሚል ነው። ማንም አልዋሸም። አማትየውም እሷም ነውር ላለማድረግ ተጠንቅቀዋል፤ በሽታው ግን ተደብቆ አልፏል።

ኦፕራሲዮን ላይም እንዲሁ ነው። የስምምነት ወረቀቱ ይቀርባል፣ ጣት ቀለም ይነከራል። ማሕፀን ሊወጣ እንደሚችል በቋንቋዋ ያልተነገራት ሴት ተስማማች ለማለት ይቸግራል። ከሆስፒታል ስትወጣም የመድኃኒቱ አወሳሰድ በጥድፊያ ይነገራታል። አሰላ ላይ ረመዳንና ዐቢይ ጾም አጠገብ ለአጠገብ የሚጾሙ ጎረቤቶች አሉ። የስኳር ሕመምተኛው ሙስሊም የኢንሱሊን ሰዓቱን ከኢፍጣር ጋር እንዴት እንደሚያስማማ፣ ቅዳሴ እስኪወጣ ክኒን የማይቀምሰው ክርስቲያን የደም ግፊት መድኃኒቱን መቼ እንደሚወስድ ካልተጠየቁ፣ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ መድኃኒቱንም ያቋርጣሉ።

ጠበሉ፣ ወጌሻውና ፋረቃሳ

ሕመምተኛው ከሐኪም በፊት የት ነበር የሚለውም ጥያቄ ነው። አንዱ ጠበል ሰንብቷል፣ አንዱ ወጌሻ ዘንድ ታሽቷል፣ አንዱ ለምች ዳማከሴ ታሽቶለታል። አርሲ ውስጥ ያለው፣ በቅድስናዋ የታወቀችው የሲቲ ሞሚና መቃም፣ ፋረቃሳ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለፈውስ ሲሳልበት የኖረ ቦታ ነው። ሐኪም ፊት ይህን የሚናገር ግን ጥቂት ነው፤ የሚጠብቀው ተግሣጽ መሆኑን ያውቃልና።

ተግሣጽ ሳይሆን ንግግር ምን እንደሚሠራ የሚያሳዩ ሁለት ነገሮች አሉ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ጠበል የገቡ ብዙዎች መድኃኒቱን ይተዉ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ በይፋ መናገራቸው ለብዙዎች መንገድ ከፈተ። ሁለተኛው የወጌሻ ነገር ነው። ስብራት ላይ ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም ዘግቶ እጅና እግር ያስቆርጣል። በአገራችን ወጌሾችን ሰብስቦ አጭር ትምህርት መስጠት ብቻ በዚህ ምክንያት የሚቆረጡትን እንደቀነሰ በሕክምና መጽሔት ታትሟል። ወጌሻውን ከማሳደድ ይልቅ ማሰሪያውን መቼ እንደሚያላላና መቼ ወደ ሐኪም እንደሚልክ ማስተማሩ ጠቀመ።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

ፔሩ የአንዲስ ተራራ እናቶች ተኝተው መውለድን እምቢ ሲሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ቁጢጥ ብለው ወይም ቆመው የሚወልዱበትን አሠራር በጤና ሚኒስቴር ደንብ አጸደቀች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 መመሪያው እናት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆንና በሚመቻት አኳኋን እንድትወልድ መክሯል።

ወደ እኛ የሚቀርበው ግን የስደተኛው ወገናችን ታሪክ ነው። አሜሪካ፣ ሲያትል የሚገኘው ሃርበርቪው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከኢትዮጵያና ከአካባቢው የመጡ ስደተኞችን ሲያክም፣ ቋንቋም ባህልም የሚያውቁ ሰዎችን ቀጥሮ በሐኪሙና በቤተሰቡ መሀል አቆመ። በአሜሪካ ሕግ ሕመምተኛ አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ደንብ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ልጅን በአስተርጓሚነት መጠቀም ከልክሏል። እንግዲህ ከአርሲ ተነሥታ ሚኒያፖሊስ የገባች እናት በአፋን ኦሮሞ የመታከም መብት በሕግ አላት። እኅቷ አሰላ ላይ፣ በተወለደችበት ምድር፣ ይህን የምታገኘው ዕድል ከቀናት ነው። ይህን እያወቁ ዝም ማለት ይከብዳል።

ምን ይደረግ?

የሚያስፈልገው ከባድ አይደለም፤ ቀበሌ ላይ የተሠራውን ወደ ላይ ማድረስ ነው። ካርድ ሲወጣ ሕመምተኛው የሚናገረው ቋንቋ ከስሙና ከዕድሜው ጋር ይጻፍ። ማስተርጎም ሥልጠናና ደመወዝ ያለው፣ ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ ያለበት የሥራ መደብ ይሁን፤ በወሊድና በማሕፀን ክፍል ደግሞ አስተርጓሚዋ ሴት ትሁን። አሰላ የሚመደብ የሕክምና ተማሪ ሕመምተኛ ከመንካቱ በፊት ለምርመራ የሚበቃ አፋን ኦሮሞ ይማር፤ ጎንደር የሚመደበው አማርኛ፣ መቀሌ የሚመደበው ትግርኛ እንደሚያስፈልገው ሁሉ። የሪፈር ወረቀቱ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስልክ ይስፈር፤ ሐኪሙ ያላወቀውን የምታውቅ፣ እናቲቱ ቤቷ ስትመለስም የምትከታተላት እሷ ናትና።

ይህ የቋንቋ ፖለቲካ ነው የሚል ይኖራል። ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ እንተውለት። አፋን ኦሮሞ የማይችል ሐኪም ጥፋተኛ አይደለም፤ አማርኛ የማትችል እናትም ጥፋተኛ አይደለችም። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ አገናኝቶ በምን እንደሚነጋገሩ ያላሰበው አሠራሩ ነው፤ አሠራር ደግሞ ይስተካከላል። ተቋም ውስጥ መውለድን በ19 ዓመት ከአምስት ወደ 48 ያደረሰ አገር ለሆስፒታሉ አስተርጓሚ መቅጠር አያቅተውም።