ታይላንድ ተቀምጦ ታይኛ የሚያናግር ሰው ማግኘት

ባንኮክ ውስጥ አንዲት የታይ ቃል ሳያውቁ ዓመት መኖር ይቻላል። የከተማው ባቡር ማስታወቂያውን በእንግሊዝኛ ይደግማል፤ የምግብ ዝርዝሩ ፎቶ አለው፤ ነጋዴዋ ዋጋውን ካልኩሌተር ላይ ጽፋ ታሳያለች፤ አሁን አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው ስልኩ ውስጥ አስተርጓሚ ይዟል። እኔ ለ10 ወር የተማርኩት ከባንኮክ በስተሰሜን፣ ራንግሲት በሚባለው አካባቢ ሲሆን ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነበር። ዶርም አብረውን ከነበሩት አፍሪካውያን መካከል ሁለተኛ ዓመታቸውን ጨርሰው ከ«ሳዋዲ» ያላለፉ ነበሩ። ሰነፎች ሆነው እንዳይመስላችሁ፤ በትምህርታቸው አንደኛ የሚወጡ ልጆች ናቸው። የጎደላቸው የሚያናግራቸው ሰው ነው።

«አገሩ ከሄዱ ቋንቋው በራሱ ይገባል» ሲባል በእኛ ትምህርት ክፍልም እሰማለሁ። ይህ አባባል ቢያንስ ለታይኛ አይሠራም። ከክፍላችንም ወደ ውጭ ለትምህርት የሚሄዱ ልጆች ስላሉ፣ እዚያ ሳለሁ የንግግር ልምምድ ያገኘሁባቸውን መንገዶች በዚህች ጽሑፍ ለማካፈል እሞክራለሁ።

አስቀድሞ ስለ ድምፁ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ልምምዱ ለምን ከባድ እንደሆነ አይገባም። ታይኛ አምስት ቃናዎች አሉት። መካከለኛ፣ ዝቅተኛ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ ከፍተኛ፣ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ። አማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ባይኖረውም ለአገራችን ግን እንግዳ አይደለም፤ ቤንችኛ ከታይኛ የማያንሱ የቃና ደረጃዎች እንዳሉት የሥነ ልሳን ተማሪዎች ታውቃላችሁ። ከቃናው በላይ እኛን የሚፈትነን ግን የትንፋሹ ጉዳይ ነው። «ካይ» የምትለዋን ድምፅ ውሰዱ። ትንፋሽ ሳይወጣ በዝቅተኛ ቃና ከተባለ ዶሮ ነው። በዚያው ዝቅተኛ ቃና ትንፋሽ ከታከለበት እንቁላል ይሆናል። ትንፋሹ እንዳለ ሆኖ ቃናው ከላይ ወደ ታች ከወረደ ደግሞ ትኩሳት ነው። ለእኛ ጆሮ ሦስቱም በቃ «ካይ» ናቸው!

የአናባቢ ርዝመትም አለ። እኛ ተነባቢን ማጥበቅና ማላላት እናውቅበታለን፤ የገና በዓልንና «ገና አልመጣም» የሚለውን «ገና» በጽሕፈት ሳይለዩ በንግግር እንለያቸዋለን። እነሱ የሚለዩት አናባቢውን በማስረዘም ነው። «ካው» አጥሮ ሲነገር «ግባ» ነው፤ በዚያው ቃና «ካኣው» ተብሎ ሲረዝም ሩዝ ነው። ቅርብና ሩቅ እንኳን የሚለያዩት በቃና ብቻ ስለሆነ ሁለቱም «ክላይ» ናቸው። ለባለ ታክሲ «ቅርብ ነው» ለማለት የፈለገ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል አስቡት።

ይህን ሁሉ መጽሐፍ ያስረዳል፤ አፍን የሚያስለምደው ግን ሰው ነው። ታዲያ ሰውየውን ከየት ማግኘት ይቻላል?

እኔ መጀመሪያ የደረስኩበት ነገር ብዙ ሰው ከመፈለግ ይልቅ አንድን ሰው ደጋግሞ ማግኘት እንደሚሻል ነው። በዶርማችን አቅራቢያ ማታ ማታ የሚቆም ገበያ ነበር። እንቁላል የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ መረጥኩ። ለምን እሷን? አንደኛ እንግሊዝኛ አትችልም። ሁለተኛ ገበያው ሲቀዘቅዝ ተቀምጣ ማራገቢያ ከመያዝ ሌላ ሥራ የላትም። በየሁለት ቀኑ አራት አራት እንቁላል እገዛለሁ፤ አሥር ገዝቼ ሳምንት መክረም እችል ነበር፣ ግን የምፈልገው ምልልሱን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ንግግራችን ከ«ታኦራይ ካ» (ስንት ነው) አይዘልም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን እሷ መጠየቅ ጀመረች። በዚህ ሚዛን ሱፐርማርኬትና ሰዓቱ የተጣበበ ምግብ ቤት አይረቡም፤ ልብስ አጣቢዋ፣ ልብስ ሰፊው፣ ፍራፍሬ ቆራጩ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው ጥግ ላይ ተራ የሚጠብቁት የሞተር ታክሲ ነጂዎች ግን ጊዜ አላቸው።

ጥያቄዎቹ ደግሞ ከሰው ሰው አይለያዩም። ከየት አገር ነሽ? ከመጣሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ? ዕድሜሽ ስንት ነው? አግብተሻል? ቃሪያ ትችያለሽ? ጓደኞቼ በዚህ ሲሰለቹ አያለሁ። እኔ ግን ትልቁ ሀብት ይሄ ነው እላለሁ። ፈተናው አስቀድሞ ተነግሮሻል ማለት ነው! መልሴን አዘጋጅቼ፣ በየሳምንቱ በእያንዳንዱ መልስ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እጨምር ነበር። ለምሳሌ «ኪን ፔት ዳይ ማይ» (የሚያቃጥል መብላት ትችያለሽ) ሲሉኝ መጀመሪያ «ዳይ ካ» (እችላለሁ) ብቻ ነበር የምለው። በሚቀጥለው ሳምንት «የእኛም አገር ምግብ ያቃጥላል» ጨመርኩ። ከዚያ ስለ ሚጥሚጣ፣ ከዚያ ስለ በርበሬ አደራረቅ። ሁለት ወር ሳይሞላኝ ስለ በርበሬ አሥር ደቂቃ ሙሉ ማውራት ቻልኩ። ስለ ሌላ ነገር አሥር ደቂቃ ማውራት አልችልም ነበር፤ ቢሆንም አሥር ደቂቃ አሥር ደቂቃ ነው።

ዕድሜ የሚጠይቁት ለወሬ ብቻ አይደለም። እንዴት እንደሚጠሩሽ ለመወሰን ነው። በዕድሜ የሚበልጥ «ፒ» ይባላል፣ የሚያንስ «ኖንግ»፤ ከእናት ከአባት የሚበልጡ ሴት «ፓ»፣ ወንድ «ሉንግ» ናቸው። ጋሼ፣ እትዬ፣ እማማ እያለ ላደገ ሰው ይህ ባዕድ አይሆንበትም። የመማሪያ መጽሐፌ ሴት ስለ ራሷ ስትናገር «ዲቻን» በይ ይል ነበር፤ ገበያ ውስጥ እንዲህ የምትል ሴት አልሰማሁም። ትልልቅ ሰዎችን ሳናግር ልጆቹ እንደሚያደርጉት ራሴን «ኑ» ማለት ጀመርኩ። ትርጉሙ አይጥ ነው። የዶርማችን ጠባቂ «ፓ» ይህን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁና ከዚያ ቀን ጀምሮ በእንግሊዝኛ መልሰውልኝ አያውቁም።

በእንግሊዝኛ መመለስ ካልኩ አይቀር፣ ዋናው እንቅፋት እሱ ነው። ታይኛ ጀምረሽ ሰውየው በእንግሊዝኛ ሲመልስ ሞራል ይነካል። ታይላንዶች «ክሬንግ ጃይ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ ከእኛ ይሉኝታ ጋር በጣም ይቀራረባል። ሌላውን እንዳላስቸግር፣ እንዳላሳፍር ብሎ መጠንቀቅ ነው። እንግሊዝኛ የሚመልሱት ሊያግዙ ነው እንጂ ሊንቁ አይደለም። መድኃኒቱ ቅር ሳይሉ ቀጥሎም በታይኛ መመለስ፣ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ያህል መጽናት ነው። አብዛኛው ሰው ይመለሳል። ካልተመለሰ ደግሞ ምናልባት እሱም እንግሊዝኛ የሚለማመድበት ሰው እየፈለገ ይሆናል፤ መብቱ ነው።

የይሉኝታው ሌላ ጣጣ ደግሞ አለ። ትልቅ ሰው አያርምም። የተናገርሽው ባይገባውም ፈገግ ብሎ «ኬንግ» (ጎበዝ) ይልሻል። የሚያርም ሰው ከፈለጋችሁ ሕፃን ፈልጉ። የ«ፓ» የልጅ ልጅ ያኔ ሰባት ዓመቷ ሲሆን ማታ ማታ የቤት ሥራዋን በረንዳው ላይ ትሠራ ነበር። የታይ ፊደል 44 ተነባቢዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸውም በአንድ ቃል ይጠራሉ። የመጀመሪያው የዶሮ፣ ሁለተኛው የእንቁላል ፊደል ነው። ያቺ ከላይ ያነሳኋት «ካይ»ና «ካይ» ማለት ናት! ልጅቷ መዳፏን አፌ ፊት አድርጋ ትንፋሼን እየለካች «ዶሮ! እንቁላል አይደለም!» እያለች ስትጮህብኝ ነው የከረመችው። ክፍያዋ ብስኩት ነበር።

እዚህ ላይ ከእኔ የማይስማሙ ይኖራሉ። ባንኮክ ውስጥ ኤዩኤ በሚባል የቋንቋ ማዕከል ማርቪን ብራውን የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስፋፋው ዘዴ ነበር፤ ተማሪው ለመቶዎች ሰዓታት እያዳመጠ እንዲቆይና ለመናገር እንዳይቸኩል ያደርጋል። ቀድሞ መናገር መጥፎ አነጋገር ያስለምዳል ነው ነገሩ። ሐሳቡን አከብራለሁ። ግን 10 ወር ብቻ ያለው፣ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ የሚማር ሰው ያንን ሰዓት ከየት ያመጣል?

ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሚጠቅም የታየኝ በዝናቡ ወራት ነው። ከሌላ የአፍሪካ አገር የመጣች የጎረቤት ክፍል ልጅ ሦስት ቀን ትኩሳት ይዟት ቆየ። በሦስተኛው ሌሊት መቆም ሲያቅታት በአቅራቢያ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። ተረኛዋ ነርስ እንግሊዝኛ አትናገርም። «ፔን ካይ ሳም ዋን ሌኦ» አልኳት፤ ትኩሳት ካላት ሦስት ቀን ሆነ። ሴትዮዋ አልሳቀችም፣ «እንቁላል?» ብላም አልጠየቀችም፤ ዝም ብላ መጻፍ ጀመረች። ራሷንና ዓይኗን እንደሚያማት ነገርኳት። ቀጥላ «ምን መድኃኒት በላች?» አለች፤ በታይኛ መድኃኒት ይበላል እንጂ አይወሰድም። ልጅቷ ኢቡፕሮፌን ስትወስድ ነበር። ይህን ስነግራት ነርሷ ቀና ብላ አየችኝና ወዲያው ሐኪም ጠራች። ደም ተመርምሮ የተገኘው በወባ ትንኝ መሰል ትንኝ የሚተላለፈው ዴንጊ ነበር፤ ሕዝቡ «ካይ ሉኣት ኦክ» ይለዋል፣ ደም የሚያወጣ ትኩሳት እንደ ማለት ነው። በዚህ በሽታ ኢቡፕሮፌንና አስፕሪን የመድማትን አደጋ ስለሚጨምሩ ለትኩሳቱ የሚሰጠው ፓራሲታሞል ነው፤ እነሱ «ፓራ» ይሉታል። አራት ሌሊት ተኝታ ድና ወጣች። የስልክ አስተርጓሚም ይሠራ ነበር የሚል ይኖራል። ሊሆን ይችላል፤ የእኔ ስልክ ያን ሌሊት ባትሪው አልቆ ነበር።

ስለ ሌሎቹ መንገዶች ባጭሩ ልለፍ። ከታይ ተማሪዎች ጋር ቋንቋ መለዋወጥ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የበረታው ቋንቋ ሁልጊዜ ያሸንፋል። ታይኛው መጀመሪያ ይሁን፣ ሰዓትም ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ከእንግሊዝኛ ከተጀመረ ታይኛው ተራ አይደርሰውም። ቺያንግ ማይ ለሚሄድ ዋት ቼዲ ሉዋንግን በመሰሉ ገዳማት መነኮሳት ከውጭ እንግዶች ጋር የሚነጋገሩበት ሰዓት አለ። እነሱ የሚፈልጉት እንግሊዝኛ ቢሆንም ታይኛ ለሚጠይቅ አይሰስቱም። ሴቶች መነኩሴ መንካት፣ ዕቃም ከእጅ ወደ እጅ መስጠት እንደማይፈቀድልን እናስታውስ። በሰሜኑ ሕዝቡ እርስ በርሱ የሚነጋገርበት ሌላ ቋንቋ መኖሩንም ልብ በሉ፤ በሰሜን ምሥራቁ ኢሳንም እንዲሁ። ለመማሪያ የሚሆነው የማዕከላዊው አካባቢ አነጋገር ነው።

«ሶንግ ቴኦ» ግን ከነዚህ ሁሉ ትበልጣለች። ቃሉ ሁለት ረድፍ ማለት ነው፤ ከኋላዋ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ፊት ለፊት የተደረደሩባት ፒክአፕ ናት። የአዲስ አበባን «ውይይት» ታክሲ የምታስታውሱ ወዲያው ይገባችኋል። ሰው ፊት ለፊት ተፋጥጦ ዝም ማለት አይችልም። አንዷ አሮጊት «ፓይ ናይ» (ወዴት ነው) ካሉ ወሬው ተጀመረ።

እዚያች መኪና ላይ ሁሌም የሚሠራልኝ ርዕስ ሰዓት ነበር። ታይላንዶች በዕለት ተዕለት ንግግራቸው ምሽቱን የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነው። ፈረንጅ የምሽቱ 7 የሚለውን «ቱም ኑንግ» ይሉታል፣ የማታ 1 ማለት ነው። «ሳም ቱም» ለእኛም ለእነሱም ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። በእኛም አገር እንዲሁ ነው ስላቸው ማንም አያምነኝም፤ ክርክር ይነሳል፣ ሹፌሩ ሳይቀር ይገባበታል፣ እኔም ቁጥሮቼን እለማመዳለሁ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ግን መንገዳችን ይለያያል፤ እነሱ «ቲ» እያሉ እንደገና ከ1 ይጀምራሉ። የሌሊት አውቶቡስ የምትሳፈሩ ተጠንቀቁ፤ «ቲ ሶንግ» ያሏችሁ እንደሆነ 2 ሰዓት ሳይሆን ከሌሊቱ 8 ነው።